ጋሼ መስታወትና ነጩ ነጠብጣብ

የመነጽሬ አንድ እግር ተሰብሮ በክር አስሬ መያዝ ከጀመርሁ ሳምንት አልፎኝ ነበር። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስንፍናዬን ጥዬ ወደ መነጽር ጠጋኙ ብሄድ በሩ ላይ «አሁን እመለሳለሁ» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። እንዲህ ያለ ወረቀት የሚለጥፍ ሰው መቼ እንደሚመለስ አንባቢም ያውቀዋል። ቆሜ ከምጠብቀው ብዬ አጠገቡ ካለው ላቫጆ ግቢ ገባሁና ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀመጥሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ እግሬ ቢያርፍም ጆሮዬ ሥራ አይፈታም። የዚያን ቀን መነጽር ጠጋኙ ቢዘገይልኝ ብዬ የተመኘሁት ገና አምስት ደቂቃ ሳልቀመጥ ነው።

የላቫጆው ባለቤት ስድሳዎቹን ያጋመሱ፣ ቀጠን ያሉ፣ እጀታቸውን እስከ ክንዳቸው የሚጠቀልሉ ሰው ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ መስታወት ይላቸዋል። ስሙ የወጣላቸው በሥራቸው ነው፤ እሳቸው ካጠቡት መኪና አጠገብ የሚያልፍ ሰው ቆም ብሎ በበሩ ላይ ከረባቱን ያስተካክላል፣ ጸጉሩን ያበጥራል። ይህን ስም ከነፍሳቸው አስበልጠው ይወዱታል።

በዚያ ጠዋት ግን በፀሐዩ መሐል የቆመችው ጥቁር ሰማያዊ መኪና እንኳን ፊት ልታሳይ የራሷም ፊት ጠፍቶባት ነበር። ከኮፈኗ እስከ ኋላዋ ዱቄት የተነፋባት ይመስል ነጭ ነጠብጣብ ወርሷታል። ጋሼ መስታወት በአንድ እጃቸው የዱቄት ሳሙና የተለወሰበት ባልዲ፣ በሌላው ድስት የሚፈገፈግበት ሽቦ ይዘው ቆመዋል። የወንድማቸው ልጅ ደግሞ የእጃቸውን አንጓ ጨብጣ ይዛለች።

«አጎቴ፣ ስሞትልዎት ሽቦውን ያስቀምጡት!»

«ምን ላድርግ ታዲያ? በዓይኔ እያየሁ ላጽዳው?»

«መጀመሪያ ያዳምጡኝ።»

«ዶክተሯ ለምሳ ሰዓት ትመጣለች። ማዳመጡን ከሰዓት በኋላ እናደርሰዋለን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዋ የአንዲት የሕፃናት ሐኪም ናት። ሐኪሟ ከአምስት ወር በፊት ቀለሙ ላይ ሴራሚክ የሚባለውን መከላከያ ሽፋን አስቀብታ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ውሃ ሲፈስበት እየተንከባለለ ይወርድ ነበር አሉ። ከዚያ በኋላ እያደር ደበዘዘ፤ ውሃውም እንደ ማንኛውም ቆርቆሮ ላይ ተንጣልሎ ይቀር ጀመር። ትናንት ሽፋኑን ወደቀቡት ሰዎች ብትወስዳት «ሽፋኑ ሞቷል፤ የገደለው አጣቢው ነው፤ በማሽን ተፍቆ እንደገና ይቀባ» አሏት። ዛሬ ጠዋት መኪናዋን እዚህ ትታ ስትሄድ የሰማችውን ሳትደብቅ ለጋሼ መስታወት ነገረቻቸው። እሳቸውም በሰው ፊት «የገደልኩት እኔ ከሆንኩ ይሄን የውሃ ቱቦ ጠቅልዬ እሰቅለዋለሁ፤ ከእንግዲህ የሰው መኪና አልነካም» ብለው ማሉ። እልኸኛ ሰው ናቸው፤ የማሉትን አያጥፉም።

ልጅቷ የመኪና ቀለም ሙያ በትምህርት ቤት ተምራ ሁለት ዓመት ጋራዥ ውስጥ የሠራች ናት። ነገሩን ከአጎቷ ባለቤት ሰምታ በጠዋት እየሮጠች መጥታለች፤ በትከሻዋም አንድ ትልቅ ከረጢት አንግታለች።

«እሺ፣» አሉ ጋሼ መስታወት ሽቦውን ከባልዲው ጠርዝ ላይ አስቀምጠው፣ «የተማርሽውን አሰሚኝ። እኔ የማውቀው ሴራሚክ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ የሚነጠፈውን ነው። እሱ መኪና ላይ ወጥቶ ምን ይሠራል? ማታለያ ነው።»

«ማታለያስ አይደለም። ፈሳሽ ሆኖ ይቀባና ሲደርቅ ይጠነክራል። ከጸጉር የሳሳ ነው፤ ግን ቆሻሻው ቀለሙን ሳያገኘው እሱ ላይ ይቀራል።»

«ቆሻሻ አይይዘውም ብለው አይደለም እንዴ የቀቡላት? ይሄ ታዲያ ምንድን ነው? ሽቶ ነው?»

«አይይዘውም ያሉት ሻጮቹ ናቸው፤ እኔ አልወጣኝም። ይይዘዋል። ግን በወጉ ካጠቡት ቶሎ ይለቃል። ሴራሚክ ያለው መኪና አይታጠብም የሚልዎት ሰው ካለ እሱ ነው አታላይ።»

ይህን ስትል ወደድኋት። ብዙ ወጣት የተማረውን ነገር ሲከላከል እንከን የለሽ ያደርገዋል፤ ይቺ ግን የራሷንም ወገን በልኩ ትሰፍራለች። ሰውን ለማሳመን ከዚህ የሚሻል መጀመሪያ አላውቅም።

«እኔ በወጉ አላጥብም ነው የምትዪው?»

«እርስዎ ከማውቀው ሰው ሁሉ በላይ ተጠንቅቀው ያጥባሉ። ችግሩ ውሃው ነው።»

እዚህ ላይ ጋሼ መስታወት ደረታቸውን ነፉ። ግቢው ውስጥ ራሳቸው ያስቆፈሩት ጉድጓድ አላቸው፤ በእሱ የመጣባቸውን ሰው አይምሩም።

«ይሄ ውሃ እኮ በድንጋይ ውስጥ ተጣርቶ የመጣ ነው! በብርጭቆ ብትቀጂው ታች ያለው ጣትሽ ይታይሻል። እዚያ በርሜል ውስጥ ያለውን የዝናብ ውሃ ተመልከቺ፣ ከቆርቆሮ ጣሪያ አቧራ ይዞ የወረደ ነው። እሱን ለእግር ምንጣፍ ማጠቢያ ነው የማውለው፤ ቀለም አስነክቼው አላውቅም።»

«አጎቴ፣ ገልብጠውታል። ምንጣፉን በጥሩው ውሃ እያጠቡ ቀለሙን በመጥፎው ያጥባሉ።»

«ምን አልሽ?»

ልጅቷ ከረጢቷን ከፍታ ጥቁር ማንቆርቆሪያ አወጣች። ጋሼ መስታወት ዓይናቸው ተቁለጨለጨ።

«ይሄማ የቤቴ ማንቆርቆሪያ ነው! ከምድጃ ላይ አንስተሽ መጣሽ?»

«አስፈቅጄ ነው። እንዲያውም እትዬ አጥበሽ መልሺ ብለውኛል። አሁን ወደ ውስጥ ይዩ።»

ተመለከቱ። እኔም ሳልጠራ ተነሥቼ አንገቴን አስገባሁ። የማንቆርቆሪያው ውስጥ ጥፍር የሚያህል ውፍረት ባለው ነጭ ቅርፊት ተለብጧል።

«ይሄን ማን አስገባው?» አለች ልጅቷ። «እትዬ ኖራ ያፈላሉ?»

«ሻይ ነው የምናፈላው፤ ምን ነካሽ!»

«በየትኛው ውሃ?»

ጋሼ መስታወት ወደ ጉድጓዱ ዞር አሉ።

ልጅቷ ከአንድ ጠርሙስ አቼቶ በቅርፊቱ ላይ ጠብ አደረገች። ወዲያው ሽሽ ብሎ አረፋ አወጣ። እኔ በዚህን ጊዜ ራሴን መያዝ አቅቶኝ «ካልሲየም ካርቦኔት!» ብዬ ጮኽሁ። ሁለቱም ደንግጠው ወደ እኔ ዞሩ። ሰላምታ እንኳ ሳልሰጥ ስንት ደቂቃ በነገራቸው ውስጥ እንደቆምሁ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። ይቅርታ ጠይቄ ማንነቴን ተናገርሁ። ይህን ነገር ሠላሳ አንድ ዓመት በጠመኔ ጽፌ ማስተማሬን ነገርኋቸው፤ የቤቴ ማንቆርቆሪያ ከዚህ የባሰ መሆኑን ግን አልነገርኋቸውም። አሁን ለአንባቢ እናዘዛለሁ።

«እንግዲያው መምህር፣» አሉ ጋሼ መስታወት ምስክር እንደሚጠይቅ ዳኛ፣ «ይቺ ልጅ የምትለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ውሃው በድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ከድንጋዩ ጥቂት ጥቂት አሟሙቶ ይወስዳል። ውሃው ተንኖ ሲሄድ ድንጋዩ ይቀራል። ጥራቱ ለዓይን ነው እንጂ ውስጡስ ጭነት አለው።»

«የዝናቡ ውሃ ግን ድንጋይ አላገኘም፣» አለች ልጅቷ ተቀብላኝ። «አቧራውን በጨርቅ ካጠለሉለት ሲደርቅ ነጭ ነገር አይተውም።»

ጋሼ መስታወት በቀላሉ እጃቸውን የሚሰጡ ሰው አይደሉም። አገጫቸውን አሽተው አሰቡና «እሺ፣ ድንጋይ ይሁን» አሉ። «በዚሁ ውሃ ሠላሳ ዓመት አጥቤ ለምን ከዛሬ በፊት አልታየም?»

«ያኔ የሚመጣልዎት መኪና አብዛኛው ነጭ ነበር። ነጭ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ማን ያያል? ጥቁሩን ደግሞ ባለቤቶቹ ሰም ያስቀቡት ነበር፤ ሰሙ ሲለቅ ነጠብጣቡን ይዞት ይሄዳል። ይሄ ሽፋን ግን አይለቅም። እርስዎ አጥበው ፀሐይ ላይ ባቆሙ ቁጥር በድንጋዩ ላይ ሌላ ድንጋይ ይደርባሉ። የዱቄት ሳሙናውም የራሱን ጭቅቅት ይጨምርበታል። ሽፋኑ የሞተ አይመስለኝም አጎቴ። ተቀብሮ ነው።»

«አይመስለኝም ነው የምትዪው። አታውቂም።»

«አላውቅም። የኮፈኑን ግራ ጎን ይስጡኝና እንየው። ካልሆነ ሽቦውን ራሴ አቀብልዎታለሁ።»

ሽማግሌው ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩ። ምሳ ሰዓት ሊሆን ሁለት ሰዓት ቢቀረው ነው። «በይ» አሉ።

ልጅቷ መኪናዋን መጀመሪያ ወደ ጥላው አስገፋችን። ሦስታችን ገፋን። ከዚያ ውሃ ይፈስሳል ብለን ስንጠብቅ እጇን አጣጥፋ ቆመች።

«ምን እየጠበቅሽ ነው?» አሉ ጋሼ መስታወት።

«እስኪቀዘቅዝ። መዳፍዎን ያሳርፉበት።»

አሳርፈው ወዲያው ነጠቁት።

«ይኸው። ትኩስ ቆርቆሮ ላይ ሳሙናም አቼቶም ሳይሠራ ይደርቃል፤ የደረቀው ራሱ ሌላ ጠባሳ ይሆናል።»

ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየን። ጋሼ መስታወት በአንድ እግራቸው የቆሙ ያህል ነበሩ፤ ወደ በሩ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ መዳፋቸውን ያሳርፋሉ። ኮፈኑ ሲበርድ ልጅቷ አቧራውን በውሃ አወረደች። ሁለት ባልዲ አዘጋጀች፤ አንዱ ለስለስ ያለ የመኪና ሳሙና ያለበት፣ ሌላው ንጹሕ ውሃ። በእጇ ለስላሳ የጨርቅ ጓንት አጥልቃ በሳሙናው ነክራ ጥቂት ታብሳለች፣ ወደ ሳሙናው ከመመለሷ በፊት በንጹሑ ውሃ ታለቀልቃለች።

«ሁለተኛው ባልዲ ለምንድን ነው?»

«አሸዋው እዚያ እንዲቀር። በአንድ ባልዲ ካጠቡ ያነሡትን አሸዋ መልሰው ቀለሙ ላይ ይነዱታል።»

ጭቅቅቱ ለቀቀ። ጥቁር ውሃ ወረደ። ነገር ግን ልጅቷ አረፋውን ስታወርድ ነጠብጣቡ እንዳለ ነበር።

«ይኸው!» አሉ ጋሼ መስታወት። በደስታ የተናገሩት እንዳይመስላችሁ፤ ድምፃቸው ወለል ላይ ወደቀ። በሙግቱ ማሸነፋቸው ራሳቸውን እንደሚያሸንፋቸው ያውቁ ነበር። ዓይናቸው መሬት ላይ ወደተዘረጋው የውሃ ቱቦ ሲሄድ አይቼ አንጀቴን በሉት።

«ገና ነው፣» አለች ልጅቷ። «ሳሙና ቅባትና ጭቃ እንጂ ድንጋይ አያነሣም። ለድንጋይ ማንቆርቆሪያውን ያስታውሱ።»

አቼቶውን ከእኩል የዝናብ ውሃ ጋር ቀላቀለች። በመጀመሪያ ጥግ ላይ፣ ሰው በማያየው ቦታ ሞከረችውና ቀለሙ ምንም አለመሆኑን አረጋገጠች። ከዚያ እርጥቡን ጨርቅ በኮፈኑ ላይ አስተኝታ እስከ ስድሳ ቆጠረች። ሳይደርቅ አነሣችው፤ ወዲያው በብዙ ውሃ አለቀለቀችው። ግማሹ ነጠብጣብ ጠፍቷል፣ የግማሹ ጠርዙ ብቻ ቀርቷል። ደገመችው፤ እንደገና እስከ ስድሳ። በሁለተኛው የዝናቡን ውሃ በጨርቅ አጥልላ ከጣሳ ቀስ ብላ አፈሰሰች።

ውሃው ተሰበሰበ። እንደ አተር ፍሬ ክብ ክብ እየሆነ፣ እየተጋፋ፣ ከኮፈኑ ላይ ተንከባሎ ወረደ። በሄደበት ሁሉ ጥቁር ሰማያዊው ቀለም ጥልቅ ሆኖ ታየ። አጠገቡ ያለው የቀኙ ጎን አሁንም ዱቄት የተነፋበት ነው፤ ድንበሩን በጣት መከተል ይቻል ነበር።

«አልሞተም!» አሉ ጋሼ መስታወት። «አልሞተም እኮ! መምህር፣ አዩት? ልጄ፣ እስቲ ድገሚልኝ፣ ውሃውን አፍስሺልኝ!» ሦስት ጊዜ አስፈሰሷት። በሦስተኛው ጣሳውን ራሳቸው ተቀበሏት።

ከዚያ በኋላ ሙግቱ ቆሞ ሥራ ሆነ። እኔም እጀታዬን ጠቅልዬ የዝናብ ውሃ አመላለስሁ፤ ወገቤ ለሦስት ቀን ከሶኛል። ጋሼ መስታወት በሁለቱ ባልዲ መካከል ከልጅቷ ይልቅ ፈጠኑ። ግን ሁሉም ታጥቦ ሲያበቃ፣ «በሉ አሁን ወደ ፀሐይ እናውጣት፣ ትድረቅ» አሉ።

ልጅቷ ከከረጢቷ ወፍራም ለስላሳ ፎጣ አውጥታ ዘረጋችላቸው። «በዚህ ያድርቋት።»

ሽማግሌው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ።

«እኔ የታጠበ መኪና ላይ ጨርቅ አላሳርፍም። እንደሱ ከሆነ አንቺው አድርጊው።»

«ለምን?»

ቁጭ አሉ። ፊታቸው ተለወጠ። «በሃያ ሁለት ዓመቴ የአንድ መሥሪያ ቤት መኪና አጣቢ ነበርኩ። የሥራ አስኪያጁን ጥቁር መኪና አጥቤ በፎጣ አደረቅሁት። ፎጣው ከዚያ በፊት መሬት ወድቆብኝ አንሥቼው ነበር፤ አራግፌ እንጂ አላጠብሁትም። አንድ የአሸዋ ፍሬ ኖሮበት ከበሩ ጫፍ እስከ ጫፍ ቀስት የመሰለ መስመር አሰመረ። ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት አባረረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማደርቀው በፀሐይ ነው። ፀሐይ አትጭርም።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ስሕተት ሁሉ ከስንፍና የሚመጣ ይመስለን ነበር፤ እኔም ተማሪ ስቀጣ እንደዚያ አስብ ነበር። የዚህ ሰው ስሕተት ግን ከጥንቃቄ የመጣ ነው። አንድን ጭረት ፈርተው አርባ ዓመት ድንጋይ ሲያደርቁ ኖሩ። እንዲህ ያለውን ሰው «አላዋቂ» ብሎ መሳደብ ቀላል ነው፤ ፍርሃቱን ሳይሰሙ ግን ልማዱን ማስተው አይቻልም።

ልጅቷም አልተሳደበችም። አጠገባቸው ቁጢጥ አለች።

«የጫረው ፎጣው አይደለም አጎቴ፤ አሸዋው ነው። ይሄ ታጥቦ በላስቲክ ተጠቅልሎ የመጣ ነው። ደግሞ አይጎትቱትም። ያስተኙታል፣ ውሃውን ሲጠጣ ቀጥ አድርገው ያነሡታል። ያልተጎተተ ጨርቅ አይጭርም። መሬት ከወደቀ ደግሞ ያ ቀን ለፎጣው ዕረፍት ነው።»

ኮፈኑ ላይ አሳየቻቸው። አስተኛችው፣ አነሣችው። ከሥሩ ደረቅና ጥርት ያለ ቀለም ወጣ። ከዚያ ፎጣውን በክንዳቸው ላይ አስቀምጣ ወደ ሹፌሩ በር እያመለከተች፣ «ይሄን በር ለእርስዎ ትቼዋለሁ» አለች።

ጋሼ መስታወት ፎጣውን በበሩ ላይ አስተኙት፤ ውሃውን እስኪጠጣ ጠበቁ። አነሡት። ጎንበስ ብለው በበሩ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዓይናቸውን አሳለፉ፤ እንደገና ተመልሰው አሳለፉ። መስመር የለም። በበሩ ውስጥ የራሳቸው ፊት፣ ከኋላቸው የቆርቆሮው ጣሪያ፣ ከጥግ በኩል ደግሞ መነጽሩን በክር ያሰረ አንድ ሽማግሌ መምህር ታዩ።

«ያባረረኝ በር ነበር፣» አሉ ቀስ ብለው። «ዛሬ በር መለሰኝ።» እንባቸውን በክንዳቸው ጠረጉ፤ በፎጣው አልጠረጉትም። ተምረዋል ማለት ነው።

ሐኪሟ ስትመጣ የመጨረሻውን ጎን እያደረቅን ነበር። ከግቢው በር ላይ ቆማ «የኔ መኪና የት ሄደች?» አለች፤ እየቀለደች መስሎኝ ነበር፣ አልነበረም። ጋሼ መስታወት ጣሳውን አንሥተው ኮፈኑ ላይ አፈሰሱላት። ውሃው ተንከባሎ ወረደ።

«ሞቷል ብለውኝ ነበር እኮ!»

«ዶክተር፣ ልዋሽዎት አልችልም፣» አሉ ሽማግሌው ቀጥ ብለው ቆመው። «የቀበርኩት እኔ ነኝ፤ በጉድጓዴ ውሃና በፀሐይ። ያወጣችው ደግሞ ይቺ ናት። ቱቦዬን ልሰቅል ምዬ ነበር። መግደሌ ቢሆን እሰቅለው ነበር፤ አልሞተምና ከፈቀዱልኝ መኪናዎን እንደተማርኩት አጥባታለሁ።»

ሐኪሟ ወደ መኪናዋ በር ጠጋ ብላ ጎንበስ አለችና የሻሿን ቋጠሮ አስተካከለች። ከዚያ ቀና ብላ «በሚቀጥለው ቅዳሜ በጠዋት ላምጣት፣ ፀሐይ ሳይበረታ?» አለቻቸው። ጋሼ መስታወት ከልጅቷ ጋር ተቃቅፈው ሲስቁ የመንገዱ ሰው ሁሉ ቆሞ ያይ ነበር።

ከወር በኋላ መነጽሬ ተሠርቶልኝ የራሴን አሮጌ መኪና ይዤ ሄድሁ። ጉድጓዱ አለ፤ ውሃው ግን ጭቃ ለማውረድና ምንጣፍ ለማጠብ ተመድቧል። በቆርቆሮው አሸንዳ ሥር ሦስት በርሜል ተደርድሮ የመጨረሻው ማለቅለቂያ ከእነሱ ይቀዳል። ሽቦው የት እንደገባ አላውቅም፤ እሱ ይሰቀልበት የነበረው ምስማር ላይ ንጹሕ ፎጣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተንጠልጥሏል። ጋሼ መስታወትም አንድ አዲስ ደንበኛ ይዘው ጣታቸውን እያነሡ ያስተምሩ ነበር፤ በጥላ የታጠበ መኪና ነጠብጣብ እንደማይይዘው፣ በሁለት ባልዲ የታጠበ እንደማይጫጫር፣ አቼቶ ድንጋይ ሲያዩ ብቻ እንጂ በየሳምንቱ እንደማይገባ፣ በየጊዜው በልኩ የሚጠብቁት ሽፋን ዓመታት ቆይቶ ባለቤቱን ከመፋቅና ከመቀባት እንደሚያሳርፍ ነገሩት። ሰውየው «ይሄን ሁሉ ከየት አመጡት?» ቢላቸው «ከወንድሜ ልጅ፤ እና ከሚስቴ ማንቆርቆሪያ» አሉት።

እኔ ይህን እየሰማሁ የመኪናዬ በር ላይ አቧራ አየሁና መሐረቤን አውጥቼ ልጠርገው ስል እጄ በአየር ላይ ተያዘ።

«መምህር፣» አሉኝ ጋሼ መስታወት፣ «ስሞትልዎት መሐረቡን ያስቀምጡት። መጀመሪያ እንነጋገር።»